«አሁን» የሌለበት ቋንቋ

ሰኞ

ነገ ጽሩይ ሥራ ይጀምራል። ዓመታት የፈጀብኝ የፕሮግራም ቋንቋ ከነገ ጀምሮ የከተማውን አምቡላንሶች ሊያሰማራ ነው። ሥራ አስኪያጁ ሠራተኛውን ሁሉ ሰብስበው «ታሪካዊ ቀን ነው» አሉ። ባለፈው ወር የመኪና ማቆሚያው ሲመረቅም ታሪካዊ ቀን ብለው ነበር፤ ቢሆንም እጅ ነሳሁ።

ሰው ሁሉ ሳስረዳው ስለሚያዛጋ እስኪ ለራሴ በግልጽ ልጻፈው። ጽሩይ ያለው ሕግ አንድ ብቻ ነው፦ አንድ ጥያቄ፣ ሁልጊዜ አንድ መልስ። ሁለትና ሁለት ስንት ነው ብትለው ጠዋትም አራት፣ ማታም አራት። ሌሎቹ ቋንቋዎች እንደ ሰፈር ወሬኛ ናቸው፤ ያንኑ ነገር ሁለት ጊዜ ብትጠይቃቸው ሁለት ዓይነት ያወሩልሃል። በጽሩይ የተጻፈ ፕሮግራም አይወላውልም። እርግጥ ከዚህ የተነሳ «ስንት ሰዓት ነው?» ብሎ መጠየቅ ክልክል ነው። ሰዓት በተጠየቀ ቁጥር መልሱን ይለውጣል፤ ከዚህ የባሰ ቆሻሻ ጥያቄ ከየት ይመጣል? ስለዚህ በጽሩይ ውስጥ «አሁን» የሚባል ቃል የለም።

ታዲያ ፕሮግራሙ ከተማውን በምን ያውቃል? በሥዕል። በየፈረቃው መጀመሪያ የከተማው ሙሉ ሥዕል ይነሳል፤ መኪኖቹ የት እንዳሉ፣ የትኛው መንገድ ክፍት እንደሆነ፣ የትኛው ሆስፒታል አልጋ እንዳለው። ከዚያ በኋላ የሚመጣ ጥያቄ ሁሉ ከዚያው ሥዕል ይመለሳል፣ እስከሚቀጥለው ፈረቃ ድረስ። አንድ ወጥ፣ ንጹሕ፣ የማያፈስ ነገር።

ባለቤቴ የድንገተኛ ጥሪ ማዕከሉ የፈረቃ ኃላፊ ናት፤ ስልክ የሚያነሱትም መኪና የሚልኩትም በሷ ሥር ናቸው። እራት ላይ ይህንኑ ሳስረዳት ማንኪያዋን አስቀመጠችና፣ «ከተማው ግን ፈረቃ ይጠብቃል እንዴ?» አለችኝ።

ከተጠቃሚ ጋር ስለ ንድፈ ሐሳብ ማውራት ይኸው ነው።

ማክሰኞ

ተጀመረ። አንድም ስሕተት የለም። ሥራ አስኪያጁ ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ። ሸሚዜ ላይ የጣት ምልክት ቀርቷል፤ ኬክ ይበሉ ነበር።

ረቡዕ፣ ከምሳ በኋላ

ቅሬታ። ስክሪኑ አንዱን አምቡላንስ ጣቢያ ውስጥ ነው ሲል፣ መኪናው ለካ ከከተማው ማዶ በሽተኛ ጭኖ እየከነፈ ነበር። ስሕተት ነው አሉ። ምኑ ነው ስሕተቱ? ጠዋት ጣቢያ ውስጥ ነበር። ፕሮግራሙ የጠዋቱን ጠዋት እንዳየው ተናገረ። እውነት መናገር ጥፋት ከሆነ እንግዲህ ይፍረዱብኝ።

ጠጋኙ ቢሮዬ መጣ። ጠጋኙ የምለው የሥራ ባልደረባዬን ነው፤ ከኔ ጋር እኩል የተቀጠረ፣ የመሥሪያ ቤቱን አሮጌ ፕሮግራም ሁሉ ሲጠጋግን ዕድሜውን የጨረሰ ሰው። ቀዳዳ ካየ እጁን ይበላዋል።

«ወንድሜ፣ አንዲት ቃል ብቻ ጨምርልን» አለኝ። «‹አሁን› የምትል።»

«ለምንድን ነው?»

«መኪኖቹ አሁን የት እንዳሉ ለማወቅ ነዋ!»

«ዛሬ አንድ ቀዳዳ ከከፈትኩ ነገ ቋንቋው ወንፊት ነው።»

«ወንፊትም እኮ ሥራ አለው» ብሎኝ ወጣ።

እንዲህ ያለ ሰው ነው እንግዲህ።

ሐሙስ

ባለቤቴ አኩርፋለች። የሥራ ድካም ይመስለኛል። ዝናቡ ገባ።

ሰኞ

ጥሪ ማዕከሉ ውስጥ ጥቁር ሰሌዳ ሰቅለዋል! የመኪኖቹን ቦታ በቾክ እየጻፉ፣ በጨርቅ እያጠፉ ይሠራሉ። በዚህ ዘመን! ከእጅ አይሻል ዶማ አሉ። ለባለቤቴ ቅሬታዬን በትሕትና ገለጽኩላት።

«ሰሌዳው ይጻፋል፣ ይጠፋል» አለችኝ። «ያንተ ግን አይጠፋም።»

እንደ ምስጋና ወሰድኩት።

ማክሰኞ

ለተጠቃሚዎች ባለ ሰባት ገጽ ማብራሪያ ጻፍኩ። ርዕሱ «ሥዕሉን ማመን»። ለሁሉም ተበትኗል። ጠጋኙ የሱን ኮፒ አጥፎ በምታነክሰው ጠረጴዛው እግር ሥር አድርጎታል። ጠረጴዛዋ ግን ቀጥ ብላለች፤ በዚያም ቢሆን ጠቅሟል።

ዓርብ

ቅሬታው ጠፋ። እንዲያው ጸጥ! ሰሌዳውንም አውርደው መጋዘን አስገብተውታል። ማብራሪያው ሠርቷል ማለት ነው። ተጠቃሚ ሲያስተምሩት ይበስላል፤ ድሮም ብያለሁ።

ባለቤቴ እንኳ ፊቷ ተፈታ። እራት ላይ ስለ አንዲት ምጥ ስለያዛት ሴት ስታወራልኝ እየሳቀች ነበር፤ አምቡላንሱ ባሏ ሳይሰናዳ ደረሰ አሉ፤ ባል ሆዬ ጫማውን እየፈለገ ነበር። «መኪናው ሌላ በሽተኛ አውርዶ ገና መዞሩ ነበር፤ እኛም ወዲያው አይተን ላክነው» አለችኝ። ሥዕሉን ማንበብ ለምደዋል ማለት ነው።

ሰኞ

ለሻይ ስወርድ ጠጋኙ ኮሪደሩ ጥግ ላይ ስልክ ያወራል። «ዝም ማለት ነው እንጂ፣ ሰውየው ካየው ይነቅለዋል!» ሲል ሰማሁት። እኔን ሲያይ ድምፁን ዝቅ አደረገ። አትክልተኛውን መሆን አለበት፤ ከበሩ አጠገብ የተተከሉትን ችግኞች ባለፈውም ያለ ርኅራኄ ነቃቅሏቸዋል። ጠጋኙ ለአበባ ያዝናል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር። ሰው ረቂቅ ነው።

ቅዳሜ

በሙያ ማኅበራችን ጉባኤ ላይ ተናገርኩ። አዳራሹ ግጥም ብሎ ነበር። «‹ንጹሕ ቋንቋ ለመጻሕፍት መደርደሪያ እንጂ ለሥራ አይሆንም› ሲሉን ለኖሩት፣ መልሳችን መንገድ ላይ በሳይረን እየጮኸ ነው!» ስል ጭብጨባው ጣሪያ ሊያነሳ ደረሰ። ያችን ዓረፍተ ነገር መስታወት ፊት ተለማምጃት ነበር።

አንድ አዛውንት የዩኒቨርሲቲ መምህር እጃቸውን አውጥተው፣ «መንገድ ፈረቃው መሐል ቢዘጋስ?» ብለው ጠየቁ። «ከጀመርን ወዲህ እንዲህ ዓይነት ቅሬታ አልደረሰንም» አልኩ። እውነቴን ነው፤ አልደረሰንም። ጠጋኙ የመጨረሻው ረድፍ ላይ ተቀምጦ ጫማውን ያያል።

ባለቤቴ አልመጣችም። ፈረቃ ላይ ነበረች።

ማክሰኞ፣ ቢሮ

ለጎብኚ ላሳይ ብዬ ዋናውን ሥርዓት «ወደ ሆስፒታሉ የሚያደርሰው አጭሩ መንገድ የቱ ነው?» ብዬ ጠየቅኩት። መለሰልኝ። ደግሜ ጠየቅኩት።

ሌላ መልስ ሰጠኝ።

ጽሩይ! ለአንድ ጥያቄ ሁለት መልስ!

ማክሰኞ፣ ወደ ማምሻው

አገኘሁት። ከፕሮግራሙ ሥር፣ ማንም በማያየው ቦታ፣ በአሮጌ ቋንቋ የተጻፈ መጣፊያ ተቀብሯል። ሾፌሮቹ በሬዲዮ የሚናገሩትን ጥሪ ተቀባዮቹ አንድ ቁልፍ ተጭነው ያስገባሉ፣ መጣፊያው ደግሞ ሥዕሉ ላይ ይለጥፈዋል። ማን እንደጻፈው መጠየቅ አላስፈለገኝም። ስፌቱን አውቀዋለሁ።

ጠጋኙን ጠራሁት።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«መንገድ ከተዘጋ ተዘጋ ይላል። መኪና ከወጣ ወጣ ይላል» አለኝ፤ እንደ መርፌና ክር ነገር።

«ግማሹ የጠዋት፣ ግማሹ የከሰዓት ሥዕል! እንዲህ ያለ ከተማ እኮ በየትኛውም ቅጽበት ኖሮ አያውቅም!»

«በሽተኛው ጋ ግን እየተደረሰ ነው።»

«እኔ ያን ሁሉ ሰው ፊት ቆሜ…»

«ንግግሩስ ደስ ይል ነበር፤ የምሬን ነው» አለኝ። ከዚያ ፊቱ ተለወጠ። «ስማኝ፣ ስደበኝ፣ ለአለቃ ክሰሰኝ፤ ግን እንዳትነካው። ቢያንስ ዝናቡ እስኪያልፍ።»

ዝናብና ቋንቋ ምን አገናኛቸው? እሱ ሲወጣ ነቀልኩት። አንዲት ትእዛዝ ብቻ ነበር የሚፈልገው። ከዚያ ያንኑ ጥያቄ ሦስቴ ጠየቅኩ፤ ሦስቴም አንድ መልስ። ውስጤ እንደታጠበ ብርጭቆ ሆነ።

ቅሬታው የጠፋው በመጣፊያው ምክንያት ነው የሚል ይኖር ይሆናል። አንድ ነገር ከሌላው ቀጥሎ መጣ ማለት በሱ ምክንያት መጣ ማለት አይደለም፤ ይህን የአንደኛ ዓመት ተማሪም ያውቀዋል።

ለባለቤቴ አልነገርኳትም። እራት ላይ ደስ ብሏት ነበር፤ የቋንቋ ጉዳይ አንስቼ ለምን አሰለቻታለሁ?

ረቡዕ

የታችኛው ድልድይ ጎርፍ ዋጠው። ከባድ ነገር ተፈጥሯል። ስልኬ ይጮኻል።

ሐሙስ

የሆነው ይህ ነው። አንድ ዳቦ ጋጋሪ ምድጃው ፊት ወደቀ፤ ጭንቅላቱ ውስጥ ደም ፈስሶ ነው። ሚስቱ ደወለች። ከዚያ ጥቂት ቀደም ብሎ አንድ የአምቡላንስ ሾፌር ድልድዩ መዘጋቱን በሬዲዮ ተናግሮ፣ ጥሪ ተቀባይዋም ቁልፉን ተጭና አስገብታለች። ያስገባችው ግን የትም አልደረሰም፤ መድረሻው ማክሰኞ ማምሻውን ተነቅሏል። ለዳቦ ጋጋሪው የተላከው መኪና በስክሪኑ ትእዛዝ በቀጥታ ወደ ድልድዩ ሄደ። ውሃ ፊት ቆመ። ዞሮ በላይኛው መንገድ እስኪመጣ ሰውየው ዱቄት ላይ ተኝቶ ጠበቀ።

በሕይወት አለ። ግራ ጎኑ ግን አይታዘዝለትም።

ባለቤቴ ከሥራ ስትመጣ ካፖርቷን አላወለቀችም።

«ነቀልከው?»

«ያልተፈቀደ…»

«ነቅለህ ደግሞ አልነገርከንም። ሰሌዳውን እኮ አውርደናል! ስክሪኑን አምነን!» ወንበር ይዛ ቆመች። «ጠጋኙን ለምኜ ያሠራሁት እኔ ነኝ። ላንተ ያልነገርኩህ እንዳትነቅለው ብዬ ነው።»

የአትክልተኛው ነገር አልነበረም ለካ።

«ብትነግሪኝ ኖሮ እኮ…» አልኩ።

«ብነግርህ ምን ትለኝ ነበር?»

መልሱን ሁለታችንም እናውቀዋለን። አንድ ጥያቄ፣ ሁልጊዜ አንድ መልስ።

ዓርብ

ባለቤቴ እህቷን ለጥቂት ቀን ልትረዳ ሄዳለች። እህቷ ምን እንደቸገራት አልጠየቅኩም። ትልቁን ሻንጣ ነው የወሰደችው።

ሰኞ

አጣሪ ኮሚቴ ተቀመጠ። ሥራ አስኪያጁ መሐል፣ የጥሪ ማዕከሉ ሰዎች ባንድ ወገን፣ እኛ በሌላ። ባለቤቴ ፊት ለፊቴ ነበረች፤ ደብዳቤ እንደምታነብ ሰው ታየኛለች።

ተዘጋጅቼ ነበር። «ቋንቋው አልተሳሳተም» አልኩ። «ፕሮግራሙ የተሰጠው ሥዕል ላይ ድልድዩ ክፍት ነበር፤ ክፍት ነው ብሎ መለሰ። እያንዳንዱን መስመር ማረጋገጥ ይቻላል።» የተናገርኩት ሁሉ ትክክል ነበር። ስሕተት የሆነ አንድም ቃል አልነበረበትም። ጨርሼ ስቀመጥ የጥሪ ማዕከሉ ሰዎች ሁሉ ፊታቸውን ወደ ሥራ አስኪያጁ አዞሩ። ትክክል መሆን ሰውን እንዲህ ብቻውን ያስቀምጣል ብዬ ገምቼ አላውቅም።

ሥራ አስኪያጁ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ለመሆኑ ሲሠራ የነበረውን ማን አነሳው?»

ጠጋኙ ቀና አለ። «መጀመሪያ ነገር ያለ ፈቃድ ያስገባሁት እኔ ነኝ» አለ። «ጥፋቱ የኔ ነው።»

ያ የቀዳዳ ወዳጅ እኔንም ሊጠግነኝ ተነሳ! ሰዎቹ አምነውት ነበር። ዝም ብል ኖሮ በዚያው ያልፍ ነበር፤ ዝም ለማለትም አስቤ ነበር፣ አልዋሽም። ባለቤቴ ግን ዓይኗን ከኔ አላነሳችም።

«እኔ ነኝ ያነሳሁት» አልኩ። «ለማንም አልተናገርኩም።»

ከዚያ ሁሉ ንግግሬ የተደመጠው ይኸው ብቻ ነው።

ሐሙስ

ሆስፒታል ሄድኩ። ለምን እንደሄድኩ እንጃ። ብርቱካን ገዛሁ፤ ከዚያ ታማሚው በአንድ እጁ ብርቱካን እንዴት ይልጣል ብዬ ሙዝ ቀየርኩ። ከዚያ ሙዝም በሁለት እጅ እንደሚላጥ ትዝ አለኝ። የሎጂክ ሰው ነኝ እንግዲህ።

ዳቦ ጋጋሪው ትራስ ተደግፎ ተቀምጧል። ትልቅ ሰው ነው፤ ፀጉሩ ሸብቷል። ሚስቱ ከጎኑ ናት።

«ከአምቡላንሱ ነህ?» አለኝ፤ ቃላቱ ከአፉ ጥግ እየተንሸራተቱ።

«ከ… ከኮምፒውተሩ ነኝ።»

«እ። መንገድ የሚያሳየው?»

«አዎ።»

ሚስቱ ሙዙን ተቀብላኝ ላጠችና ለሱ ሰጠችው። «እኔ እኮ ስልኩን ይዤ፣ መኪናው የት ደረሰ? የት ደረሰ? እላለሁ» አለችኝ። «ልጅቷም ስክሪኗን እያየች ‹እየደረሰ ነው› ትለኛለች። ደግሜ ስጠይቃት ያንኑ። ደግሜ ስጠይቃት ያንኑ።»

ጽሩይን በዚህ ዓይነት የተረዳልኝ ሰው የለም። በጉባኤ ያጨበጨቡልኝ እንኳ።

«አያ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አልኩት። ሰውየው የማይታዘዘውን እጁን በሚታዘዘው አንስቶ ጭኑ ላይ አስቀመጠው። «ሊጥ በአንድ እጅ ይቦካል ይሉኛል፤ እኔ ግን አልመሰለኝም» አለኝ። ይቅር አላለኝም፤ አልተቆጣኝምም። ሙዙን በላ።

ማክሰኞ

ሥራ አስኪያጁ ሁለት ነገር ወሰኑ። አንደኛ፣ ጽሩይ ወይ «አሁን»ን ይማራል ወይ ይወጣል። ሁለተኛ፣ ሥርዓቱን የጻፍን ሁሉ ተራ በተራ ጥሪ ማዕከል ገብተን አንድ አንድ ፈረቃ እንቀመጣለን። እስከ ዛሬ ሄጄ አላውቅም ነበር እንዴ? ሄጃለሁ፤ ስክሪኖቹ ሲገጠሙ። ስልኮቹ ገና አልተሰኩም ነበር።

ዓርብ

ከጠጋኙ ጋር ቀኑን ሙሉ። «አሁን» ገባች። የምታስጠላ ናት። ከየትም አቅጣጫ ብታያት ታስጠላለች፤ ከቋንቋው ወገብ ላይ እንደ ኪንታሮት በቅላለች። የትኛው መልስ ሊለወጥ እንደሚችልና የትኛው እንደማይችል ለይተን ምልክት አደረግንበት፤ ንጽሕናው ከተረፈ የተረፈው በዚያች ምልክት ነው። ጠጋኙ ምልክት አያስፈልግም አለ፣ እኔ ያስፈልጋል አልኩ፤ ተጯጯኽን። እሱ ቢሆን ኖሮ ሁሉንም ቀዳዳ ያደርገው ነበር። ባንዱ ነገር እኔ አሸነፍኩ፣ ባንዱ እሱ።

«ሰው የሞተበት ትመስላለህ» አለኝ ሲወጣ።

«ሐዘን ላይ ነኝ» አልኩት።

«እግዜር ያጽናህ» ብሎኝ ኮቱን አነሳ። በሩ ላይ ሲደርስ ነው ሳቁ ያመለጠው። እኔም ሳቅኩ፤ ምን ላድርግ።

ቅዳሜ፣ ከፈረቃው በኋላ

ባለቤቴ እንደ ማንኛውም እንግዳ ተቀበለችኝ። ከጎኗ ወንበር አሳየችኝ፣ የጆሮ ማዳመጫ ሰጠችኝ። «ትሰማለህ። አትናገርም። ምንም አትነካም» አለችኝ። ስለ እህቷ አልጠየቅኩም፣ ስለ ቤት አልጠየቀችኝም።

ረፋዱ ላይ አንድ መካኒክ ደወለ። ጋራዥ ውስጥ አብሮት የሚሠራው ታላቅ ወንድሙ ወድቋል። እየጮኸ ነው። የባለቤቴ ድምፅ ሌላ ሆነ፤ እቤት ሰምቼው አላውቅም፣ ዝቅ ያለ፣ ጠንካራ።

«ወንድሜ፣ እኔ አለሁልህ። እየተነፈሰ ነው?»

«አይ! አይተነፍስም!»

ሁለት እጁን ደረቱ መሐል እንዲያደርግ፣ በክብደቱ እንዲጫን፣ እየቆጠረ እንዳያቆም ነገረችው። በሌላ እጇ መኪናውን ልካለች፤ ስክሪኑ ድልድዩ አሁንም እንደተዘጋ አሳይቶ በላይኛው መንገድ መራው። ያን ጊዜ ስክሪኑን ማየቴ ትዝ የሚለኝ አሁን ስጽፍ ነው። ጆሮዬ ላይ የሰውየው ትንፋሽና ቆጠራ ብቻ ነበር።

«እየተነፈሰ ነው?»

«አይ!»

«ጥሩ እየሠራህ ነው። ቀጥል። መኪናው አደባባዩን አልፏል።»

ቆጠራ። ብረት ወለል ላይ ወድቆ ሲንኳኳ ሰማሁ።

«እየተነፈሰ ነው?»

«አይ… እመቤቴ፣ አይ!» ያለቅሳል።

በዚያው ድምፅ፣ በዚያው ቃል፣ ገና ለመጀመሪያ ጊዜ እንደምትጠይቅ ሁሉ ትጠይቀዋለች። እኔ ብሆን ሁለተኛው ላይ አቆም ነበር። ጉልበቴን በሁለት እጄ ጨምድጄ ይዤዋለሁ። መኪናው ጋራዡ በር ላይ እንደደረሰ ነገረችው፤ እጁን እንዳያነሳ ነገረችው።

«እየተነፈሰ ነው?»

ሳይረን በስልኩ ውስጥ ይሰማል።

«አዎ» አለ ሰውየው። «አዎ! አሁን… አሁን ተነፈሰ!»

ባለቤቴ «ጎበዝ» አለችው። ከዚያም ያንኑ ጥያቄ እንደገና ጠየቀችው።